የተሸፈነችው ቮልስ

ሟቹ በጀርባው ተኝቷል። ከወገቡ በላይ ያለው አካሉ በቮልሷ ሥር ነው፤ እግሮቹ ወደ ጎን ተዘርግተዋል። ጫማዎቹ እንደ ሁልጊዜው ተወልውለዋል። አርባ ዓመት ሙሉ በእግሩ ደብዳቤ ያደለ ሰው ጫማውን ሳይወለውል ከቤት አይወጣም። ልጁ መኪናዋን በሌላ ክሪክ አንስታ ከሥሯ ሁለት ጎማ ደርድራ ነበር። አልጠቀመም። አባትየው ቀድሞ ሄዷል።

መርማሪዋ ጉልበቷን ይዛ ጎንበስ አለች፤ ብዙ ቆየች። ቀና ስትል የጠየቀችው ግን ስለ ሰውየው አልነበረም።

«ይህን ሸራ ማነው መልሶ ያለበሳት?»

የሟቹ ልጅ ጎሚስታ ናት። የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ጎማ ቤቱም የእሷ ነው። እጇ እስከ ክርኗ ጠቁሯል፤ ፊቷ ደግሞ ወረቀት መስሏል። ጥያቄው አልገባትም።

«የትኛውን ሸራ?»

«መኪናዋን ያለበሳትን።»

«እኔ እንጃ። ጎማውን ስፈታ ከኋላዋ ጠቅልዬ ጣሪያዋ ላይ ጥዬው ነበር። ኢንስፔክተር፣ ሸራውን ይተዉትና እኔን ይያዙኝ። አባዬን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ከመርማሪዋ ጋር የመጣው ሳጅን ወዲያው ማስታወሻውን አወጣ። ሳጅኑ ቶሎ የሚያልቅ ጉዳይ ይወዳል፤ ምሳውን ደግሞ ከዚያ አብልጦ ይወዳል።

«ተረጋጊና ንገሪኝ፣ ልጄ።»

«የግራውን የኋላ ጎማ ፈትቼ በክሪክ አቆምኳት። ሁለት ሰዓት ላይ ለአንድ ሾፌር የጠገንኩትን ጎማ ላደርስ ወጣሁ። አባዬ ቆይቶ እንደሚመጣ አውቅ ነበር። ሦስት ሰዓት ስመለስ ክሪኩ ወርዶ፣ እሱ ሥሯ… መደገፊያውን ጉማጅ ሳላስገባ የወጣሁ መሰለኝ።»

«መሰለኝ ማለት?»

«ሁልጊዜ አስገባለሁ። ክሪክ አይታመንም፤ ጠርብ እንጨት ከአክሱ ብረት ሥር አስገብቼ በመዶሻ ሦስቴ እመታዋለሁ። ሲጠብቅ ድምፁ ይለወጣል። ያን ድምፅ ሳልሰማ ከመኪና ሥር አልነሳም። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ነው የሠራሁት። ዛሬም ያስገባሁት ይመስለኛል። ስመለስ ግን ጉማጁ ግድግዳው ሥር ነበር። አስገብቼው ቢሆን ማን አወጣው? እጄ ስለለመደው ያደረግኩት መስሎኝ ነው እንጂ አላደረግኩትም።»

«ቸልተኝነት» አለ ሳጅኑ እየጻፈ። «ያለቀለት ጉዳይ።»

«አንተ ያለቀለት የምትለው ገና ያልጀመርከውን ነው» አለችው መርማሪዋ ቀና ሳትል።

ጉማጁን ከግድግዳው ሥር በመሐረብ አነሳችው። የአንድ ክንድ ቁመት ያለው ጠርብ ነው። አንደኛው ጫፉ በዓመታት መዶሻ ተቀጥቅጦ እንደ አሮጌ ብሩሽ ተንጨባሯል። ሌላኛውን ጫፍ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ደህና ጠርዝ ያለው ጫፍ ነው፤ ሁለት አዲስ ጎድጓዳ ምልክቶች ብቻ አሉበት፤ ውስጣቸው ነጭ እንጨት ይታያል።

«ስታወጪው በምን ነው የምትመቺው?»

«አልመታውም። ክሪኩን ትንሽ ከፍ ሳደርግ ራሱ ይላቀቃል፤ በእጄ እስበዋለሁ።»

መርማሪዋ ጉማጁን ጠቀለለችው። ከዚያ እጇን ለመታጠብ ውሃ ፈለገች። ግቢውን ሁሉ ብትቃኝ ቧንቧ የለም። ጎሚስታዋ ከሰው ቁመት በላይ የተከመረውን የጎማ ክምር አዙራ ወሰደቻት፤ ቧንቧው ከጀርባው ተደብቋል፤ ሽቦ ላይ አረንጓዴ ሳሙና ተንጠልጥሏል።

«አባትሽ እጃቸው ጀርባቸው ሥር ነው» አለች መርማሪዋ እየታጠበች። «መኪና ሥር የሚገባ ሰው እጁን ወደ ፊት ነው የሚያደርገው። ለምንድን ነው?»

ጎሚስታዋ ፈገግ ልትል ምንም አልቀራት። «የክበባቸው ሕግ ነው።»

ክበቡ ይህ ነው። አራት ያደጉ ሰዎች በየሳምንቱ እሑድ ከተማውን በእግራቸው እየዞሩ አሮጌና ብርቅ መኪና ይፈልጋሉ። በአጥር ቀዳዳ ያያሉ፤ ጋራዥ ያንኳኳሉ፤ አንዳንዴም ውሻ ያባርራቸዋል። ያዩትን መኪና በአንድ ወፍራም መዝገብ ያሰፍራሉ፦ ዓይነቷ፣ ቀለሟ፣ የቆመችበት መንገድ፣ መጀመሪያ ያያት ሰው። አንድም ቀን አንዷን ነድተው አያውቁም። መሥራቻቸው ሟቹ ነው። ዝገት ባየ ቁጥር ፊቱ ስለሚበራ ጋሽ ዝገት ይሉታል። ሕጉንም ያወጣው እሱ ነው፤ የሰው መኪና በዓይን እንጂ በእጅ አይታይም፤ ሲያዩ እጅ ወደ ኋላ።

«ብቻቸውንም ሲሆኑ?»

«ብቻውንማ!» አለች ልጁ። «እንደ በቅሎ ነው የሚደባብሳት። ትናንት ቮልሷ ተጎትታ ስትመጣ ፊቷን በሁለት እጁ ይዞ 'የት ከረምሽ የኔ እመቤት' ሲላት ነበር። እጁን የሚያስረው እነሱ ፊት ብቻ ነው። ሕግ አውጪው ራሱ ሲያፈርስ እንዳያዩት።»

«ምኗ ነው እንዲህ ያስደነቃቸው?»

ጎሚስታዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ቮልሷ የአንዲት ባሏ የሞተባት ሴትዮ ናት፤ ሠላሳ ዓመት በተዘጋ ግቢ ውስጥ በሸራ ተሸፍና ኖራለች። ከፊት ሲያዩዋት መንገድ ላይ እንደሚርመሰመሱት ቮልሶች ናት። የኋላ መስታወቷ ግን አንድ አይደለም፤ መሃሉ ላይ ብረት ያለበት፣ ለሁለት የተከፈለ ነው። የመጀመሪያዎቹ ቮልሶች ብቻ ናቸው እንዲህ የነበሩት። በከተማው ሌላ የለችም።

«በሸራዋ ነው ተጎትታ የመጣችው። እዚህ ገልጠን ያየናት እኔና አባዬ ብቻ ነን። ለሦስቱም በኔ ስልክ ደወለላቸው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ለሦስቱም አንድ ቃል ነው ያላቸው፦ 'ቮልስ ናት። ከዚህ በላይ አልተነፍስም። ነገ አራት ሰዓት ኑና በዓይናችሁ እዩ።' ከዚያ እንደ ሕፃን ሳቀ።»

መርማሪዋ ወደ መኪናዋ ተመለሰች፤ ቮልሷ አፍንጫዋን ወደ ግቢው፣ ጀርባዋን ወደ ግድግዳው አድርጋ ቆማለች። በጠባቡ ክፍተት ገብታ የሸራውን ጫፍ ገልጣ አየች፤ መልሳ አለበሰቻት።

«ልጄ፣ ዛሬ የምናገረውን ሁሉ እውነት ነው ብለሽ አትያዢ። ዝም ብቻ በዪ።»

*

አራት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው የመጀመሪያው ሰው ደረሰ፤ የጥርስ ሐኪሙ። ራሱ መላጣ፣ ሸሚዙ እንደ ክሊኒኩ ግድግዳ ነጭ። በሩ ላይ ቆሞ ግቢውን እንደተበላ ድድ አየው።

«እንዲህ ያለ ቦታ እግሬ ረግጦ አያውቅም» አለ። «ሁልጊዜ የምንገናኘው ሻይ ቤት ነው።» ስለ ሞቱ ሲነገረው ዓይኑን ጨፈነ፤ እስከ ሦስት ቢቆጠር ነው። ከዚያ በመኪናዋ ጎን ወደ ኋላዋ አመራ። ሳጅኑ በደረቱ ገታው።

ደላላው ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ ገባ። «እኔን! ጋሽ ዝገት? እኔን ይድፋኝ! ነፍሱን ይማር… እና ቮልሷ የቷ ናት?»

የጂኦግራፊ መምህሩ መጨረሻ መጣ፤ መዝገቡን እንደ ታቦት በሁለት እጁ አቅፎታል። እሱ እንኳ ትንሽ አለቀሰ። ካለቀሰ በኋላ ግን መጀመሪያ የጠየቀው ክበቡን ከእንግዲህ ማን ይመራዋል የሚለውን ነበር።

መርማሪዋ አንድ በአንድ ወደ ጎሚስታዋ ትንሽ ክፍል አስገባቻቸው። መቀመጫው የጭነት መኪና ጎማ ነው። ደላላው ተመችቶት ተንፈላሰሰ።

«ከሟቹ ጋር ተጣልተህ ነበር።»

«ከማን ጋር ያልተጣላሁ አለ? ደላላ ነኝ እኮ፣ ኢንስፔክተር።»

«በምን?»

«ከመዝገቡ አንዲት አሮጌ ፊያት ያለችበትን ቤት ለገዢ ጠቆምኩ። ሕግ ጣስክ አለኝ። ሊያባርረኝ ነበር።»

«አልከፋህም?»

«ከምን መባረር ነው እሱ? ፀሐይ ላይ ቆሞ የሰው አጥር ከማሽተት? ከዝናብ እንደመባረር ነው!» ሳቀ፤ ብቻውን መሳቁን ሲያውቅ አቆመ። «ሽማግሌው ደግ ሰው ነበር። ብቻ ጠቃሚ አልነበረም።»

«ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት የት ነበርክ?»

«አልጋዬ ውስጥ። ምስክር ከፈለጉ ትራሴን ይጠሩታል።»

መምህሩ ጎማው ላይ አልተቀመጠም፤ መሐረብ አንጥፎ ካሰበበት በኋላ ቆመ። ጠዋቱን ፈተና ሲያርም ነበር፤ ሚስቱ ትመሰክራለች፤ ሚስቱ ሁልጊዜ እያየችው ነው።

«ክበቡ አመራር ያስፈልገዋል» አለ። «መዝገቡ ባዶ እጅ ላይ ሊቀር አይችልም።»

«ሰውየው ገና ከመሬት አልተነሱም፣ መምህር።»

«ገብቶኛል። ግን ሥርዓት ሥርዓት ነው።»

«እስቲ ሥርዓቱን ያስረዱኝ። አንድ ሰው ብርቅ መኪና አይቶ ሳይጽፋት ቢሞትስ?»

የመምህሩ ፊት እንደ ጥሩ ተማሪ በራ። «ያልተጻፈ ያልታየ ነው። ቀድሞ የጻፈ ቀድሞ አየ። በቀለም ይጻፋል፤ ሥርዝ ድልዝ የለም፤ አንዴ የተጻፈች መኪና ለዘላለም ድጋሚ አትጻፍም።»

«ስለዚህ ይህች መኪና ባለቤት የላትም?»

«እስካሁን… የላትም» አለ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ራሱንም ያስደነገጠው ይመስላል።

የጥርስ ሐኪሙ ጎማው ላይ ሳይሆን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ በግማሽ ተደገፈ።

«ለእርስዎ መኪና ሁሉ አንድ ሳይሆን አይቀርም፣ ወይዘሮ።»

«አራት ጎማና አንድ ጡሩምባ።»

«እንደጠረጠርኩት ነው።» ፈገግታው ለድሃ በሽተኛ የሚሰጠው ዓይነት ነበር። «እኔ ሁለት መቶ አሥራ አንድ መኪና አስመዝግቤያለሁ። ጋሽ ዝገት ሦስት መቶ አራት። ፖስተኛ ነበራ፤ በሰው በር ሲዞር የኖረ። ዓይን ግን ሌላ ነገር ነው፤ ዓይን ትምህርት ይጠይቃል።»

«ከእርስዎ መኪኖች በከተማው ብቸኛ የሆነች አለች?»

«ገና።»

«ዛሬ ጠዋትስ?»

«ቤቴ እያነበብኩ ነበር። ብቻዬን ነው የምኖረው። መጽሐፍ አይመሰክርም።»

«አንዳንዴ ይመሰክራል።»

ሲወጣ እጆቹን ከፊቱ አራቅ አድርጎ ይዞ ነበር፤ ጠረጴዛው አቆሽሾታል። ማንንም ሳይጠይቅ የጎማውን ክምር ዞረ። የውሃ ድምፅ ተሰማ። በነጭ መሐረብ ጣት በጣት እያደረቀ ተመለሰ። መርማሪዋ በክፍሉ መስኮት አየችው፤ ከጎረቤት ላሜራ ቤት የሚመጣው ቅጥቀጣ ጆሮ ያደነቁራል፤ እሑድም አያርፍም። ቅጥቀጣውንም ለጥቂት ጊዜ አዳመጠችው።

*

ስድስት ሰዓት ላይ አስከሬኑ ተነስቶ ሄደ። መርማሪዋ ሦስቱን ሰዎችና ጎሚስታዋን በቮልሷ ፊት ሰበሰበቻቸው። ሸራው ከፊት መብራቶቿና ከአፍንጫዋ በቀር ሁሉን ነገሯን ይዞታል። መዝገቡ በተገለበጠ በርሜል ላይ ተዘርግቷል።

«ሥራዬን ጨርሻለሁ» አለች። «የክሪክ አደጋ ነው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሕግ ያየዋል።»

ጎሚስታዋ ዓይኖቿን ጨፈነች። ማንም አላጽናናትም። መምህሩ ጫማውን አየ፤ ደላላው ሰዓቱን።

«ከመሄዴ በፊት ግን የሟቹ የመጨረሻ መኪና በስማቸው ይጻፍ። ያገኟት እሳቸው ናቸው። ልጃቸው እጇ ይንቀጠቀጣል፤ እኔ እጽፋለሁ። በቀለም ነው አይደል፣ መምህር?»

«በቀለም» አለ መምህሩ ሳይወድ።

ብዕሯን ከፈተች። ትምህርት ቤት እንደገባች ልጅ ድምፅዋን እያሰማች ጻፈች። «ቮልስ… ቀለሟ ግራጫ… የኋላ መስታወቷ…» አንገቷን አቀናች። «ምን ይሉታል? አዎ። አንድ ወጥ፣ ሞላላ።»

«ሞላላ?» ደላላው ቁልፉን ኪሱ ከተተ። «እሑዴን ለሞላላ ቮልስ?»

«ሞላላዎች መዝገቡ ውስጥ አሥራ አራት አሉ» አለ መምህሩ። «ምስኪን። ዓይናቸው ደክሞ ነበር።»

ሟቹ ከተነሳ ገና ግማሽ ሰዓት አልሞላውም።

«በእርሳስ ቢጽፉት አይሻልም?» አለ የጥርስ ሐኪሙ።

«ሕጉ በቀለም ነው ተብያለሁ።»

«ቢሆንም ይጣራ። እርስዎ ስለ መኪና ምንም አያውቁም።»

«መስታወት መቁጠር አያቅተኝም። ሸራውን ገልጬ አይቻለሁ፤ አንድ ናት።» ብዕሩ ወረቀቱን ነካ። «ሞ…»

«ቆይ፣ ቆይ…»

«ላ…»

«አትጻፊ!»

ድምፁ ከቆርቆሮው ጣሪያ ጋር ተጋጭቶ ተመለሰ። መላጣው ቀልቷል። «ወይዘሮ»ና «እርስዎ» ማለቱ የት እንደገባ አልታወቀም።

«አንድ አይደለችም፣ ሁለት ናት! መሃሏ ላይ ብረት አለ፤ የጣት ውፍረት ያለው ብረት! ምን ዓይነት ዕውር ነሽ? በዚህ ከተማ አንዲት ብቻ ያለችን መኪና በዚያ ጭቅቅታም እጅሽ ሞላላ ብለሽ ልትቀብሪያት ነው?»

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ሐኪሙ ሁለቱም ደርሰውበት ነበር፤ ያወቀው ግን ዘግይቶ ነው። መጀመሪያ የነቃው መምህሩ ሆነ።

«ዶክተር… አንተ የት አየሃት?»

«ነገረኝ። በስልክ ነገረኝ።»

«ለእኔ 'ቮልስ ናት' ብቻ ነው ያለኝ።»

«ለእኔም» አለ ደላላው፤ በሕይወቱ ሳይከፈለው እውነት የተናገረው ያኔ ሳይሆን አይቀርም።

«ለሦስታችሁም አንድ ቃል ነው ያለው» አለች ጎሚስታዋ። «አጠገቡ ነበርኩ።»

መርማሪዋ ብዕሯን ዘጋች።

«እንግዲህ ተቀመጥ» አለችው ሐኪሙን። ከእንግዲህ እርስዎ የለም። «ሟቹ እጃቸውን ጀርባቸው ሥር አድርገው ነው የሞቱት። ብቻቸውን ቢሆኑ ይዳብሷት ነበር፤ እጃቸውን የሚያስሩት ከእናንተ አንዱ ሲያያቸው ነው። ስለዚህ ጠዋት አንዳችሁ እዚህ ነበራችሁ። ማን እንደሆነ ግን እጅ አይናገርም።»

ጉማጁን ከጥቅልሉ አውጥታ በርሜሉ ላይ አስቀመጠችው። «ይህ ነው የተናገረው። ይሄ የተቀጠቀጠው ጫፍ የእሷ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት መትታ ያስገባችበት። ይሄኛውን ጫፍ ማንም መትቶት አያውቅም፣ ከዛሬ በቀር። እሷ ስታወጣው ክሪኩን ከፍ አድርጋ በእጇ ትስበዋለች። ይህን የማያውቅ ሰው፣ መኪና የሚያይ እንጂ የማይነካ ሰው፣ ከወዲያ በኩል በመዶሻ መትቶ አስወጣው። ያልገባ ጉማጅ መትቶ የሚያስወጣ የለም፣ ሳጅን። ስለዚህ ገብቶ ነበር።»

ሳጅኑ ማስታወሻውን ቀስ ብሎ ኪሱ ከተተ።

«መዶሻውን ማን ይሰማል? ጎረቤት ቀኑን ሙሉ ላሜራ ይቀጠቀጣል። አንተ ደግሞ እግሬ ረግጦ አያውቅም ያልክበት ግቢ ውስጥ እኔ ፈልጌ ያጣሁትን ቧንቧ ሳትጠይቅ አገኘኸው። እጅህን እዚህ ስትታጠብ የዛሬው ሁለተኛህ ነው። እሱም ባይሆን፣ ሸራው ነበር።»

«ሸራው ምን አደረገ?» አለ ደላላው።

«ልጅቷ ገልጣው ሄደች፤ ስትመለስ መኪናዋ ተሸፍናለች። እስቲ አስቡት። አንድ ሰው ሌላውን ገደለ። ሬሳው እግሩ ሥር አለ። ሌባ ቢሆን ይሮጣል፤ ባለጌ ቢሆን ኪስ ይፈትሻል፤ ትንሽ ሰብዓዊነት ያለው ደግሞ ፊቱን ይሸፍንለታል። ይሄ ሰውየውን እንደዚያው ትቶ መኪናዋን ሸፈናት። አራት ሰዓት ላይ ከእሱ ሌላ ሰው ቀድሞ እንዳያያት! 'ሰው አይቶኝ ይሆን?' ብሎ አይደለም የተጨነቀው፤ 'እሷን ሰው ያያት ይሆን?' ብሎ ነው። እንዲህ ያለ ሰው መዝገቡ ላይ ውሸት ሲጻፍ ዝም ሊል አይችልም አልኩ። ምክንያቱም እኔ ሞላላ ብዬ ከጻፍኳት ድጋሚ አትጻፍም፤ ግድያው ከንቱ ይቀራል።»

የጥርስ ሐኪሙ ንጹሕ መሐረቡን ከኪሱ አውጥቶ ግንባሩን ጠረገ። ሲናገር ድምፁ ለብሶ የኖረውን ትምህርት ሁሉ አውልቆ ጥሎ ነበር።

«ሦስት መቶ አራት ነበሩት። አንድ መስመር ብቻ ነው የጠየቅኩት። ጠዋት ቀድሜ መጣሁ፤ ደስ ብሎት አሳየኝ። ይህችን በስሜ ጻፍልኝ አልኩት። 'ዶክተር፣ ሻይ እጋብዝሃለሁ እንጂ ዓይን አላውስህም' ብሎ ሳቀብኝ። በእኔ! ፖስተኛ! ከሥሯ ቁጥር አለ፣ አንብብልኝ አልኩት። መነጽሩን ሊያመጣ ወደዚያ ክፍል ሲሄድ…» ጉማጁን አየ። «ከዚያ ተኛላት። እጁን ወደ ኋላ አድርጎ።»

«አምነውህ ነው» አለች መርማሪዋ። «ላንተ አክብረው ያሰሩትን እጅ ጠብቀህ ክሪኩን አወረድክባቸው። ሠላሳ ዓመት የሰው አፍ ውስጥ ስታይ ኖረህ የራስህን መዝጋት አልቻልክም። ውሰደው፣ ሳጅን።»

ሳጅኑ ወሰደው። በሩ ላይ ሲደርስ ሐኪሙ ዞር አለ። ጎሚስታዋ ወደ እሷ አይቶ ይቅርታ የሚል መስሏት ነበር። እሱ ያየው ግን መዝገቡን ነው።

ጎሚስታዋ ጎማ ላይ ቁጭ ብላለች።

«እትዬ… አስገብቼው ነበር ማለት ነው?»

«አስገብተሽው ነበር፣ ልጄ። ሦስቴ መትተሽ።»

ያኔ አለቀሰች። እስከዚያ ድረስ ለአባቷ የማልቀስ መብት ያላት አልመሰላትም ነበር። መርማሪዋ አጠገቧ ቆመች፤ ትከሻዋን ይዛ ጠበቀቻት።

ጎሚስታዋ ፊቷን በክንዷ ጠርጋ ቀና ስትል ደላላውና መምህሩ በፊቷ አልነበሩም። በግድግዳውና በቮልሷ መካከል በጎን በጎን እየተሳቡ ነው። እጃቸው ወደ ኋላ ነው፤ አንገታቸው እንደ ዳክዬ ተመዝዟል፤ ደላላው የሸራውን ጫፍ በጫማው ሊገልጥ እየሞከረ ነው።

ተነሳች። መጀመሪያ ወደ በርሜሉ ሄደች። መርማሪዋ የጀመረችውን ቃል በአንድ መስመር ሰረዘችው፤ በዚያ መዝገብ የመጀመሪያው ሥርዝ ነው፤ መምህሩ ከወዲያ ሆኖ ሲቃትት ተሰማ። ከጎኑ ብዕሩን በጥቁር ጣቷ ይዛ ጻፈች፦ «የተከፈለ። መጀመሪያ ያያት አባቴ ነው።» መዝገቡን ዘግታ በመምህሩ ደረት ላይ ለጠፈችበት።

«ውጡ።»

«አንድ ጊዜ ብቻ አይተን እንኳ…» አለ ደላላው።

«ተጽፏል። አንብቡት።»

ወጡ። መዝገቡን ማን ይዞ እንደሚሄድ በሩ ላይ ሲከራከሩ ጥቂት ተሰሙ።

ጎሚስታዋ ሸራውን ከቮልሷ ላይ ጎትታ ገፈፈችው፤ የቀኑ ብርሃን በሁለቱ መስታወቶች ላይ ገባ። ከዚያ መርማሪዋን ለመነቻት፤ ማስረጃውን ይዛ ከመሄዷ በፊት ሌላ ጉማጅ እስክታስገባ እንድትጠብቃት። የመርማሪዋ ጆሮ ቀኑን ሙሉ በቅጥቀጣ ደክሟል፤ ግን ጠበቀቻት። ጎሚስታዋ በሆዷ ተኝታ አዲሱን እንጨት ከአክሱ ሥር አስገባች፤ መዶሻውን አነሳች። አንዴ መታችው። ሁለቴ። በሦስተኛው ድምፁ ተለወጠ።

«ሰሙት?» አለች ከሥር።

«ሰማሁት» አለች መርማሪዋ።